ካባው በአደባባይ ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ተሻገር
ናዝሬት

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ከወንጂ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየተያዘ ያስቸግረኛል ያሉኝ ወገብዎስ ትንሽ ለቀቅ አደረገዎት? እማማ የወይንሐረግ ዓይናቸው ተሻላቸው? ኤልሳቤጥስ ትምህርቷን እንዴት አደረገችው? የልጆችዎን እናት ብሩክታይትን ግን እንዴት ናት ብዬ አልጠይቅዎትም። እንዴት እንዳለች ከእርስዎ ሳይሆን ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ፣ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ዘሪሁንና ልጃችን ሰሊና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅዎ ሚናስም በአካሉ ደህና ነው። ብርዱ ገብቷል፣ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ሥራ ስገባ ጣቶቼ ቁልፍ መያዝ ያቅታቸዋል። ተቆጥቼ ነው የምጽፍልዎት፤ ግን ሰላምታ ሳላስቀድም ብጀምር አባባ ያሳደጉኝ አልመስልም።

ደብዳቤዎ ከናዝሬት በመጣ መንገደኛ እጅ ደርሶኛል። እንደ ደብዳቤዎ ከሆነ እኔ አባቱን በባዕድ ፊት የሚያዋርድ ባለጌ አሳድጌያለሁ። የቅርጫት ኳሱ ውድድር ሳይገፋ ሚናስን ኮሌጁ ድረስ ወስጄ ቃሉን ማስቀየር አለብኝ። እምቢ ካለ ደግሞ ልጄ አይደለም ብለዋል። ዘሪሁን ታላቅሽ ናቸው፣ መልስ አትጻፊ ብሎኝ ጥቂት ቀን ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። አልሆነልኝም። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ይህን ሁሉ በሆዴ ቋጥሬ ጾም አልይዝም።

እዚያ ያለው ዘመድ ነገሩን የሰማው ከእርስዎ አፍ ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ልጻፈው፤ እርስዎም ሳይዘሉ ለሁሉም ያንብቡላቸው። ሚናስ ኮሌጅ የሚማረው ስለሚጫወት ነው። ኮሌጁ ትምህርቱን፣ መኝታውንና ምግቡን ይችለዋል። ከዚያ ውጪ አባት፣ እናት፣ አክስት፣ አጎት ይስጠው እንጂ የቡድኑ ደጋፊ የሆነ ሰው ምሳ እንኳ ቢጋብዘው ጥፋት ነው። ይህ የሁሉም ኮሌጆች ደንብ ነው፣ በየዓመቱ ሰብስበው ያስተምሯቸዋል፣ ያስፈርሟቸዋል።

ደንቡን አጨብጭቤ የተቀበልኩት እንዳይመስልዎት። የሚናስን ቁጥር የያዘ ማሊያ በኮሌጁ ሱቅ ተሰቅሎ ይሸጣል፣ ለእሱ ግን ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። ዘንድሮ ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር ጋዜጣው በሙሉ ቅሌት ነበር። አንዱ ጋ ለተጫዋቹ መኪና ተሰጠው፣ ሌላው ጋ ፈተናውን ሌላ ሰው ተፈተነለት፣ አንዱ አሰልጣኝ ተባረረ፣ ሌላው ራሱ ለቀቀ። ኮሌጆቹ ሁሉ ደንግጠው የሚቀጣ ሰው የሚፈልጉበት ጊዜ ነበር። የእኛ ልጅ እርስዎ በላኩት ካሴት ታጅቦ የደረሰላቸው በዚህ መሀል ነው።

ባለፈው ሰኔ የሆነውን ያስታውሱ። ብሩክታይት ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡንም ብለው ደወሉልኝ። ሚናስ ያን ዕለት እራት አልበላም፣ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀረ። የዘሪሁን ታክሲ ተጋጭታ ጋራዥ ነበረች፣ እኛም እጃችን ባዶ ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቤት ዕቃ መደብሮች ያሉት፣ ከቡድኑ ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ የማያውቅ ሚስተር ክራውሊ የሚባል ሰውዬ አለ። የልጁን ፊት አይቶ ምን ሆነሃል አለው፣ ነገረው፣ በማግስቱ ወደ እናንተ የሚመጣበትን ትኬት ቆርጦ ሰጠው። ሚናስ ደንቡን ያውቅ ነበር? ያውቃል። እያወቀ ወሰደ። እናቱ ናትና እኔም አይዞህ ሂድ አልኩት።

እናቱን አይቶ ሲመለስ ቦሌ ሲሸኙት፣ አባዬ፣ ትኬቱን ማን እንደገዛው ለሰው አታውራ ብሎ ለምኖዎታል። ይህንን ራሱ ነው የነገረኝ፣ እርስዎም ስልክ ላይ አልካዱኝም። ታዲያ ነሐሴ ላይ ከመንገደኛ ጋር ያን ወርቀ ዘቦ የተጠለፈበት ጥቁር ካባ ላኩልኝ። ጋሼ፣ ሚስተር ክራውሊ ቤት ሄደን በጸጥታ እናልብሰው ብዬዎት ነበር። አይሆንም አሉ። ልጄ እናቱን በሕይወት እንዲያገኛት ያደረገ ሰው እንደ ሌባ በጓዳ አይሸለምም፣ ሰው በተሰበሰበበት በአደባባይ ይሁን አሉ። ከካባው ጋር የመጣውን ካሴት አስቀድሜ ልስማው ስልዎትም ሰላምታ ብቻ ነው፣ ሕዝቡ እኩል ይስማው ብለው ከለከሉኝ። ታላቅ ወንድሜ ነዎትና ታዘዝኩ።

የዘመን መለወጫውን በዓል እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየነው አዳራሽ አከበርን። ሚስተር ክራውሊ ከሚስቱ ጋር ከፊት ተቀመጠ። ከኮሌጁ ጋዜጣ አንዲት ተማሪ ስለ ረጅሙ ኢትዮጵያዊ ደህና ነገር ልጽፍ ብላ ካሜራዋን ይዛ መጥታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ካባውን አለበሱት፣ እልል ተባለ፣ ካሴቱም ተከፈተ። ድምፅዎ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው፣ ሰሊናም ሰውየው እንዲገባው ማይክሮፎን ይዛ እየተከተለች በእንግሊዝኛ ትተረጉም ነበር።

መጀመሪያ ሰላምታ ነበር፣ እሰየው አልኩ። ከዚያ እርስዎ ሆዬ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ልጄን በአውሮፕላን ልከው ከእናቱ ጋር ያገናኙልኝ አሉ። ጥርሱን ያሳከሙልኝ አሉ። በክረምቱ ባዶ እጁን እንዳይሆን ኪሱን ያልረሱልኝ አሉ። የጥርሱንና የኪሱን ነገር እኔ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ከእርስዎ ካሴት ነው የሰማሁት። ሰሊና ደንግጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጮክ ብለሽ ተርጉሚ እንጂ ይሏታል። ልጅ ናት፣ ተረጎመች። ሚስተር ክራውሊ ካባውን እንደለበሰ ጆሮው ቲማቲም መሰለ፣ ፊቱ ግን መሳቁን አላቆመም። ሚናስ ጭብጨባው ሳያልቅ በጓሮ በር ወጣ፣ ስንፈልገው መኪናው ውስጥ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አገኘነው።

ያቺ ተማሪ ክፉ አይደለችም፣ የሰማችውን ጻፈች። ካባ የለበሰው ሰውዬ ፎቶ ከነምስጋናው ወጣ። ትንሽ ሳይቆይ ኮሌጁ ሚናስን ጠራው፣ ልምምድም ከለከለው። አሰልጣኙ ግን ብልጥ ነው፣ ለብቻዬ ጠርቶኝ ትኬቱን የገዛው ቤተሰብ ከሆነ ጥፋት የለም፣ ጥርስና ኪስ ትንሽ ነገር ነው፣ እሱን በሁለት ጨዋታ ቅጣት እንጨርሰዋለን አለኝ። ኮሌጁ የሾማት መርማሪ የእርስዎን ቃል በስልክ ልትቀበል ቀጠሮ ያዘች። እኔም አሰልጣኙ ያለውን ነገርኩዎት፣ ጋሼ እባክዎ እውነቱን ብቻ ይናገሩ አልኩዎት። ለእኔ ተይው አሉኝ። ለእርስዎ የተተወው ነገር እንዴት እንደሚሆን ከካሴቱ መማር ነበረብኝ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ለሁሉም የሚሰማ ስልክ ተቀምጧል፣ መርማሪዋ፣ አሰልጣኙ፣ ሚናስና እኔ ዙሪያውን ተቀምጠናል፣ አስተርጓሚው ከሌላ ቦታ በስልኩ ገብቷል። ትኬቱን ማን ገዛ ተብለው ተጠየቁ። እኔ ነኝ፣ ሁለት በሬ ሸጬ ነው አሉ። ጋሼ፣ እርስዎ በዕድሜዎ በሬ ያዩት ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ነው። ሴትዮዋ ጋዜጣውን አንስታ፣ ያን ጊዜ በካሴት ሚስተር ክራውሊ ነው ብለው የለም ወይ አለችዎት። ዓይንዎን በጨው አጥበው፣ በአገራችን ሰው ስናከብር ያላደረገውንም አደረገልን ብለን እናሞግሳለን፣ ወግ ነው አሉ። በዚህ አልበቃዎትም፣ በሚካኤል ማሉ።

የሚገርመው ሴትዮዋ ልታምንዎት ነበር። የእናንተን ባህል አላውቅም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ መነጽሯንም አወለቀች። አሰልጣኙ እፎይ ሲል ሰማሁት። እንዲያው ለደንቡ ያህል ወደ ሚናስ ዞረችና አባትህ ያሉት ልክ ነው ወይ አለችው። አዎ ቢል አልቆ ነበር። ልጁ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ከዚያ በአማርኛ፣ አባዬ ይቅርታ፣ ትኬቱን የገዛው ሚስተር ክራውሊ ነው፣ አንተም ታውቃለህ አለዎት። አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት እሱ ራሱ በእንግሊዝኛ ደገመላቸው። እርስዎም ስልኩን ዘጉት። ጓ ብሎ ሲዘጋ ለሁላችንም ተሰማን።

ሴትዮዋ የመጨረሻ ጥያቄ ነበራት። ትኬቱን በመውሰድህ ትጸጸታለህ ወይ አለችው። አዎ በል፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል ብሎ አሰልጣኙ ቀደም ሲል መክሮት ነበር። ሚናስ ግን አልጸጸትም፣ እናቴ ነገ ብትታመም ነገም እሳፈራለሁ አላት። እሷም ጻፈችው። ዓመቱን ሙሉ እንዳይጫወት ፈረዱበት፣ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱ ይቀጥል አይቀጥል ግንቦት ላይ ይታያል አሉ። እንግዲህ ደፋር አሳደግሽ ያሉኝ በዚህ ነው። አዎ፣ ደፋር ነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ተቆጣሁት። ምናለ ዝም ብትል፣ ምናለ አዎ ብትል አልኩት። እኔም ሰው ነኝ፣ ልጁ ሲከስር ማየት አልፈለግኩም። ምን እንዳለኝ ልንገርዎት። እናቴ ኦፕራሲዮን ስትገባ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው ሚካኤል ደጁ ላይ ቆሜ ስለምን ነበር፣ አባቴ የማለው በእሱ ስም ነው፣ በዚያ መሐላ ላይ ቆሜ ኳስ አልጫወትም አለኝ።

ሚስተር ክራውሊም ካባውን ይዞ ቤታችን መጣ። ጠበቃው ከተጫዋቹ ቤተሰብ የተቀበልከውን ሁሉ መልስ ብሎታል። በር ላይ ቆሞ በፕላስቲክ ቦርሳ አቀበለኝ፣ ግባ ብለውም አልገባም። ኮሌጁ ከእንግዲህ ጨዋታ እንዳይገባ ከልክሎታል። አላዘንኩለትም ብል ውሸት ነው፣ ግን ደግሞ ከልጁ የበለጠ ደንቡን የሚያውቀው እሱ ነበር። ያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ ሲያጨበጭቡለት ደረቱን ነፍቶ ነበር፣ ጥያቄው ሲመጣ ግን ልጁን ለብቻው ትቶት በጠበቃ ጀርባ ተደበቀ።

ዓርብ ዕለት የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ሚናስ አክስቴ ነይ ሲለኝ ሄድኩ። ሙዚቀኛው ይነፋል፣ ልጃገረዶቹ ይጨፍራሉ፣ የተጫዋቾቹ ስም አንድ በአንድ ሲጠራ አዳራሹ ይናወጣል። የእኛ ልጅ ከተቀያሪዎቹ መጨረሻ የዘሪሁንን ኮት ለብሶ ተቀምጧል። ቁመቱን ያውቁታል፣ እጅጌው ክርኑ ጋ ሊደርስበት ምንም አልቀረውም። ከኋላዬ የተቀመጡ ሰዎች ያ ጉቦ የበላው ልጅ ያ ነው ይባባሉ ነበር። ዞሬ ልሳደብ ስል ሰሊና እጄን ያዘችኝ። ቡድኑ ተሸነፈ፣ ሚናስ ግን እስከ መጨረሻው ተነስቶ ለጓደኞቹ ውሃ ሲያቀብል አመሸ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጋሼ፣ ላልጽፍልዎት እችል ነበር። ክብር ወዳድ ነዎት፣ ልጅዎንም ይወዳሉ፣ ተሳሳቱ፣ አለቀ እል ነበር። አሁን ግን ወደ ብሩክታይት ልምጣ። ኤልሳቤጥ ቴሌ ድረስ ሄዳ፣ ቤት ያለውን ስልክ ትታ፣ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ያን ዕለት ስልኩን ዘግተው መኝታ ቤት ገብተው፣ የልጄን ዕድል የበላው ያንቺ በሽታ ነው ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ብሩክታይት መድኃኒቷን አልነካም ብላለች። የአዲስ አበባ ቀጠሮዋም አልፏል። ልጄን ይኸው አከሰርኩት፣ ከዚህ በላይ አላስከስረውም እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። እርስዎ በጻፉልኝ አራት ገጽ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ሚናስ ለእናቱ ምንም አልነገራትም ነበር። ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ አሰልጣኙ አሳረፈኝ ብሏት ነበር። ያችን ሴት ከሞት ያስመለጣት የልጇን ፊት ማየቷ ነው ብለው በካሴት ሕዝብ ፊት ያወሩት እርስዎ አይደሉም? ያን ምስጋና በአደባባይ ካሰሙ፣ ስድብዎን ደግሞ በሆድዎ ቢያስቀሩላት ምን ይቸግርዎት ነበር? ኤልሳቤጥ ስትነግረኝ ሚናስ አጠገቤ ነበር። ጨዋታ ሲከለከል ያላለቀሰ ልጅ ያን ጊዜ አለቀሰ። ቆሽቴ አርሯል፣ ጋሼ። አባባ ቢኖሩ ኖሮ እኔ ሳልሆን እሳቸው ነበሩ የሚጽፉልዎት።

ስለዚህ የምልዎትን ይስሙኝ። ሚናስ ቃሉን አይቀይርም፣ እኔም ቀይር አልለውም። እርስዎ ብሩክታይትን ነገ ዛሬ ሳይሉ አዲስ አበባ ይውሰዷት፣ አዲስ ቀጠሮ ያስይዙላት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአንቺ አይደለም ብለው በራስዎ አንደበት ይንገሯት። ይህን ለማለት ሰው መሰብሰብ የለብዎትም። ኤልሳቤጥን ለምን ነገርሽ ብለው እንዳይጮሁባት፣ እሷ እናቷን ነው ያተረፈችው። የሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ሚናስ ይደውላል። ስልኩን እንዳነሱ ለእናቱ ያቀብሏትና ከክፍሉ ይውጡላቸው።

በሉ እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ብሩክታይትን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ፣ መድኃኒቷን ካልዋጠች እኔ ጌጤነሽ ሥራዬን ጥዬ መጥቼ አስውጣታለሁ በሏት። እማማ የወይንሐረግን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፣ በጸሎታቸው ያስቡን። ኤልሳቤጥን የአክስትሽ ልጅ ሰሊና አማርኛ መጻፍ ልማር ብላለች፣ በሚቀጥለው ራሷ ትጽፍልሻለች በሏት። ዘሪሁን እርስዎን አክብሮ ሰላም ይላል፣ ሰሊናም እንዲሁ።

ሚናስ ለእናቱ፣ ለእማማና ለኤልሳቤጥ ብዙ ብዙ ሰላምታ አቅርቡልኝ ብሏል። ለእናቱ በተለይ፣ የተከለከልኩት በእሷ አይደለም፣ እሷን ለማየት ዓመት ብቀጣ አይቆጨኝም በሉልኝ ብሏል። ለአባትህስ ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅኩት። ዓርብ የተዋሰውን ኮት አምጥቶ ለዘሪሁን መለሰና ወደ ክፍሉ ገባ። እንደ ደንቡማ ከራሴ ጨምሬ፣ ሚናስም እጅ ነስቷል ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ሁላችንም ደብዳቤ ስንጽፍ የምናደርገው ነው። ነገር ግን በእሱ ስም የሚነገር ውሸት ይበቃል ብዬ ተውኩት።

እህትዎ ጌጤነሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.